ሁለት ትራፊክ የቀረን ጊዜ

ባለፈው ሳምንት ዓይኔን ልታይ ከሐይቅ ወደ ደሴ በሚኒባስ ስሄድ፣ ዳገቱ አጋማሽ ላይ ፍሪሲዮኑ ይሸት ጀመር። የተቃጠለ ፍሪሲዮን ሽታን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከጎማም ከዘይትም ይለያል፣ ጉሮሮ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ከጎኔ ያለችው ልጅ በሻሽዋ አፍንጫዋን ሸፈነች። ረዳቱ "ምንም አይደለም፣ ያደርሰናል" አለ። እኔ ግን "ወራጅ አለ" አልኩ። ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝና "አባባ፣ ደሴ አይደል እንዴ የሚሄዱት?" አለኝ። "በእግሬ እደርሳለሁ" ብዬ ወረድኩ። ሽማግሌው ነገር ዞሮበታል እንዳሉኝ አልጠራጠርም። መኪናው ኩርባውን ዞሮ እስኪሰወር ድረስ መንገድ ዳር ቆሜ የኋላ ጎማውን አየሁት። ከዚያ ሽታ ጋር አብሮ የሚመጣብኝ ሰው አለ። ይመር ይባላል።

ይመርና እኔ ውጫሌ ትራፊክ ክፍል ስንገናኝ ሁለታችንም ጎረምሶች ነበርን። እኔ የሐይቅ ልጅ፣ እሱ የአምባሰል ገጠር ልጅ። ያኔ ከሐይቅ ውጫሌ በአውቶቡስ ሁለት ብር ነበር፤ ረዳቱ ስሙኒ መልስ ካጣ በከረሜላ ያካክሳል። የሐይቅ ዓሣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ይመጣና ስንፈታው የጋዜጣው ፊደል ዓሣው ላይ ታትሞ እናገኘዋለን። ይመር "ዛሬ ደግሞ ዜና በላን" ይል ነበር። ልብሳችን ነጭ ቆብና ነጭ ጓንት ነበረው። የእሱን እናቱ በእንዶድ ስለምታጥብለት ቀኑን ሙሉ አቧራ ላይ ውሎ ሲመለስ እንኳ ከእኔ ይነጣ ነበር። ቅዳሜና እሁድ ቴትሮን ሱሪ ለብሰን መናኸሪያው ጥግ ካለው ሻይ ቤት እንቀመጣለን። ባለሻይ ቤቱ ቁም ሳጥን የሚያክል ቴፕ ነበረው። በአምባሰል ቅኝት የተዘፈነ ካሴት ከከፈተ ሾፌሮቹ ሻያቸው ቀዝቅዞም አይነሱም፣ ተሳፋሪው ውጭ ይጮኻል። "ይሄን ዜማ በሕግ መከልከል ነበር" ይላል ይመር፣ "ትራፊክ ያስተጓጉላል።" ራሱ ግን ካሴቱ ሳያልቅ ንቅንቅ አይልም።

ስምንት ነበርን። ለአንድ ወረዳ ስምንት ትራፊክ የበዛ ይመስላል፤ ግን እያንዳንዱ የተተከለበት ቦታ ነበረው። ሁለቱ መናኸሪያውና መገንጠያው ላይ፣ አንዷ ትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ ሁለቱ በሞተር ሳይክል መንገዱን የሚያስሱ፣ አንዱ ሜትር ይዞ አደጋ የሚለካ፣ እኔ ደግሞ ኃላፊ ሆኜ በጎደለው ሁሉ የምሞላ። ይመር ዳገቱ ላይ ነበር። ከውርጌሳ ወደ ውጫሌ የሚወጣው ዳገት የሚወርደውን በፍሬኑ፣ የሚወጣውን በጉልበቱ ይፈትነዋል። ይመር የሚወርደውን አስቁሞ ፍሬኑን ያስረግጠዋል። ጭነት አብዝቶ የሚወጣውን ከሥር ይዞ ሰው ያስወርዳል። መሀል ላይ አቅቶት ለቆመ መኪና ከኋላ ጎማው ሥር ድንጋይ ይደግፋል፣ ሾፌሮች ታኮ የሚሉትን። "ዳገት ሰው ይፈልጋል፣ ዋና" ይለኝ ነበር፣ ዋና ሳጅን የሚለውን ማዕረጌን አሳጥሮ። "ሜዳው ላይ ትራፊክ ቢጠፋ ሰው ይሰዳደባል። ዳገቱ ላይ ቢጠፋ ሰው ይሞታል።"

እንዲህ እንዳለን ዓመታት ሄዱ። እሱ ከድጃን አገባ፣ እኔም አገባሁ፣ ጸጉራችን ሸበተ፣ የሁለት ብሩ መንገድ ሃምሳ ብር ገባ። ያገሩ ወጣት ዓረብ አገር ሄዶ ሲመለስ ባጃጅ ይገዛ ጀመር፣ መንገዱ እንደ ንብ ቀፎ ሆነ። እኔ እስከ ዛሬ ድረስ አንድ ከተማ ስገባ መጀመሪያ የምቆጥረው ትራፊኮቹን ነው። ሐይቅ መገንጠያው ላይ ትናንት አንዲት ልጅ ብቻዋን ቆማ ነበር፣ ባጃጆቹ በግራም በቀኝም እያለፏት። አጠገቧ ሄጄ "ስንት ናችሁ ልጄ?" አልኳት። "ምን አገባዎት አባቴ፣ መንገዱን ይልቀቁ" አለችኝ። እውነቷን ነው።

ከዚያ ለውጥ መጣ። ስለ ለውጡ የሚያወራ ሰው ሞልቷል፤ እኔ የማውቀው የተረኛ ሰሌዳዬ ላይ ያሉ ስሞች አንድ በአንድ ሲሰረዙ ነው። ወጣቶች መንገድ በድንጋይ መዝጋት ሲጀምሩ ሞተረኞቹ ሁለቱ "ለጊዜው" ተብለው ወደ ጽሕፈት ቤት ጥበቃ ተወሰዱ፤ ሞተር ሳይክሉ ግቢ ውስጥ ጎማው ተንፍሶ ቀረ፣ ዶሮ ሥሩ እንቁላል ጣለች። አንዱ በግምገማ ተነሳ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ የምትቆመው አግብታ ሄደች፣ ተተኪ አልመጣም፤ ርዕሰ መምህሩ ዘበኛውን ፊሽካ አስይዞ አቆመው። ሜትር የሚይዘው ለሥልጠና ሄዶ በዚያው ቀረ፤ እኔ የአደጋ ቦታ በእርምጃ እለካ ጀመር። በአንድ የገበያ ቀን ማር ይዛ የመጣች ሴት በባጃጅ ተመታች፣ ማሩ ከደሟ ጋር አስፋልቱ ላይ ፈሰሰ። በእርምጃዬ ስለካ ጫማዬ እየተጣበቀ አስቸገረኝ። የቆምኩበት መገንጠያ ከዚያ ሩቅ አልነበረም፤ ግን ፊቴን ወደ ሌላ አዙሬ ነበር። አንድ ሰው ሁለት ፊት የለውም።

ጦርነቱ ሲመጣ ስድስተኛችን ወደ ኬላ ፍተሻ ሄደ። "የሰው ኃይል ይሟላልን" እያልኩ የጻፍኩት ደብዳቤ ብዛቱን አላውቀውም፤ መልሱ ሁልጊዜ "ባለው የሰው ኃይል አብቃቁ" ነበር። ክፉዎች ሆነው አይደለም፣ ለእነሱም ሰው አልነበራቸውም። ሰሌዳው ላይ ሁለት ስም ብቻ የቀረ ቀን ይመር ቆሞ አየውና፣

"ዋና፣ እንግዲህ እኔና አንቱ ብንኳረፍ ክፍሉ ሊዘጋ ነው?" አለኝ።

"አንኳረፍም" አልኩት።

"አብሽሩ" አለ፣ "ዳገቱ ለእኔ፣ ከተማው ለእርስዎ። መሀሉን አላህ ይጠብቀው።"

ክረምቱ አልፎ ከሰሜን በኩል የከባድ መሣሪያ ድምፅ ይሰማ ጀመር። ቀጥሎ ሰው መጣ። ሦስት ቀን ሙሉ በዚያ መንገድ የመጣውን ሰው በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ትራክተር ፍራሽ ጭኖ፣ አህያ ሕፃን ጭና፣ አንዲት ሴት የልብስ ስፌት መኪናዋን ጭንቅላቱን ብቻ አቅፋ፣ አይሱዙ ላይ ሰው እንደ ጆንያ ተደርድሮ። ሁሉም ወደ ሐይቅ፣ ወደ ደሴ። እኔ ውጫሌ መገንጠያው ላይ በሬውን ወደ ዳር፣ መኪናውን ወደ መሀል እያልኩ ድምፄ ተዘጋ። ይመር ዳገቱ ላይ ነበር። ስልክ ከጠፋ ሁለተኛ ቀኑ ነው። እዚያ መኖሩን የማውቀው ከዳገቱ የሚወጡት መኪኖች ተራ ጠብቀው ስለሚመጡ ነበር። አንድ ሰው እንዳለ ያስታውቃል።

በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ የወረዳው ፖሊስ አዛዥ ፒክአፕ አጠገቤ ቆመች፣ ከኋላዋ ፖሊሶች ተጠቅጥቀውባታል።

"ግባ! ሁሉም ሰው እየወጣ ነው" አለኝ።

"ይመር ዳገቱ ላይ ነው ጌታዬ።"

"መልእክት ላክበት። በሚመጡት መኪኖች በአንዱ ይመጣል።"

"ሄጄ ላምጣው።"

"በዚህ ሰው መሀል እንዴት ተሻግረህ ልትሄድ ነው? ግባ ብያለሁ!"

እውነቱን ነበር፣ ወደ ሰሜን መሄድ ወንዝ ሽቅብ እንደ መዋኘት ነው። ግን በእግር ሁለት ሰዓት አይፈጅም ነበር፣ ይሄንንም አውቃለሁ። ጀማል የሚባል፣ ከሳዑዲ ተመልሶ ባጃጅ የሚነዳ ልጅ እዚያው ነበር። "ጀማል፣ ይመርን ውጣ በለው፣ ዋና ውጣ ብሎሃል በለው" አልኩት። "ወላሂ እነግረዋለሁ" ብሎ ባጃጁን በመንገዱ ጠርዝ ወደ ዳገቱ አዞረ። እኔ ፒክአፗ ላይ ወጣሁ። አንድ ሰው እጄን ስቦ አወጣኝ። ማን እንደሆነ አላየሁም፣ ዓይኔ ወደ ኋላ ነበር።

ደሴ አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ አሰለፉን። መዝገብ የያዘ መኮንን በየክፍሉ ይጠራል። "የውጫሌ ትራፊክ?" አለ። "አለን" አልኩ። "ስንት ናችሁ?" "ሁለት።" "ሁለታችሁም ገብታችኋል?" ይሄን የጠየቀኝ ቀና ብሎ ሳያየኝ ነው። ከጎኔ ያሉት የሌላ ክፍል ኃላፊዎች ሰዎቻቸውን ቆጥረው ጨርሰዋል። ሰው ትቼ መጣሁ የሚል ቃል አፌ ላይ አልመጣም። እስከ ማታ ይደርሳል ብዬ አሰብኩ። "ገብተናል" አልኩና ፈረምኩ። ከዚያ ከተማው መግቢያ ሄጄ እስኪመሽ የሚገባውን መኪና ሁሉ ጭነቱ ላይ እየተንጠላጠልኩ አየሁ። ይመር አልመጣም። ደሴም ብዙ አልቆየችልንም፣ ወደ ደቡብ ቀጠልን።

ከወራት በኋላ ስመለስ ጽሕፈት ቤታችን በሩ ተነቅሎ፣ የክስ ወረቀቱ መሬት ላይ ተበትኖ አገኘሁት። ጀማል ሰምቶ መጣ። "ነግሬዋለሁ ዋና" አለኝ። "ውጣ ብለውሃል አልኩት። የታሉ ዋና አለኝ። በመኪና ሄዱ አልኩት። ጥሩ አደረጉ፣ ከሁለት አንዱ ይትረፍ አለ። ከዳገቱ ሥር የቆሙትን መኪኖች አሳልፌ እመጣለሁ ብሎ ሸኘኝ። እኔ አንዲት አራስ ጭኜ ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም።"

ቀሪውን የሰማሁት ከዳገቱ አጠገብ ከሚኖሩ አንድ ሸህ ነው። እሳቸውም ሸሽተው ስለነበር በዓይናቸው አላዩም፣ በመንገዱ ያለፉ ተፈናቃዮች የነገሯቸውን ነው የነገሩኝ። ሴቶችና ሕፃናት የሞሉበት መኪና ዳገቱ መሀል ላይ ጉልበት አጣ። ፍሪሲዮኑ ነደደ፣ ጭሱ ሰው አፈነ፣ መኪናው ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ። ከኋላው በእግሩ የሚሄድ ሕዝብ ነበር። ነጭ ቆብ ያደረገ ፖሊስ ድንጋይ ይዞ ሮጠ። የመጀመሪያው ድንጋይ ተፈናጥሮ ወጣ። ሁለተኛውን ግን እጁን ሳይለቅ፣ በትከሻው ደግፎ ከጎማው ሥር ይዞት ገባ። መኪናው ቆመ። ሰዉ ሁሉ ወረደ፣ ተረፈ፤ እሱ ግን ከጎማው ሥር በሕይወት አልወጣም። ስሙን የሚያውቅ አልነበረም። ሰላተል ጀናዛ ሰግደውበት መንገዱ ዳር ቀበሩትና ጉዟቸውን ቀጠሉ።

ከድጃ ልጆቿን ይዛ ሐይቅ ሸሽታ ነበር። ስትመለስ ሸሁ መቃብሩን አሳዩዋት። ለማረጋገጥ ብላ ደሴ ወደ መዝገቡ ሄደች። መዝገቡ ይመር ደሴ ገብቷል ይላል፣ ፊርማው የእኔ ነው። "ደሴ ከገባ በኋላ ከድቶ የጠፋ ነው፤ የቀበሩት ሌላ ሰው ይሆናል" አሏት። ይህን ሲነግሯት እሷ የሰማችው መክዳቱን አልነበረም። በሕይወት መኖሩን ነው።

ቤቴ መጣች። ፊቷ በርቶ ነበር፣ ያንን ፊት እስክሞት አልረሳውም። "ጋሽ አሰፋ፣ አብራችሁ ነው አሉ የገባችሁት። እንዴት ነበር? ቆስሎ ነበር?" አለችኝ። ሚስቴ ወንበር አቀረበችላት። እኔ "ግርግር ነበር፣ ከድጃ፣ በደንብ አላስታውስም፣ እጠይቅልሻለሁ" አልኳት። ሁለተኛ ጊዜ ዋሸሁ፤ የመጀመሪያው በድንጋጤ ነበር፣ ይሄኛው ምንም ምክንያት የለውም። ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ሙሉ ኮምቦልቻ፣ ደሴ፣ የተፈናቃይ መጠለያ፣ ሆስፒታል፣ እስር ቤት ፎቶውን ይዛ ዞረች። ሰፈሩ ውስጥ የይመር ልጆች "የከዳው ልጆች" ይባሉ ጀመር። እሷ ግን "ይባሉ፣ አባታቸው ይምጣ እንጂ" ትል ነበር አሉ።

እንቅልፍ ሲያጣኝ በእግሬ ሐይቅ እስጢፋኖስ ሄድኩ። የንስሐ አባቴ ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ሁሉን ሰሙኝ። ስጨርስ "ለእኔ ነግረህ ቀለለህ?" አሉኝ። "አልቀለለኝም አባ" አልኳቸው። "አይቀልህም። የወሰድህባትን ለእሷ ካልመለስህ እኔ ምን ላደርግልህ እችላለሁ?" አሉና መቋሚያቸውን ይዘው ተነሱ። ያ ብቻ ነው ያሉኝ።

መጀመሪያ ደሴ ሄድኩ፣ የሚቀለው እሱ ስለሆነ። በሐሰት መፈረሜን በራሴ እጅ ጽፌ ሰጠሁ። ማዕረጌን ቀነሱኝ፣ ጡረታ አወጡኝ፣ መዝገቡን አስተካከሉ፤ ይመር "በሥራ ላይ እያለ የሞተ" ተባለ። ለመንግሥት መናዘዝ ከባድ አይደለም፣ መንግሥት ፊት የለውም።

ከድጃ ደጇ ላይ ማሽላ ታበጥር ነበር። ስታየኝ ሰፌዱን አስቀምጣ ተነሳች።

"ወሬ አመጡልኝ፣ ጋሽ አሰፋ?"

"አምጥቻለሁ። ተቀመጪ።"

አልተቀመጠችም። እኔም ቆሜ ነገርኳት። "ይመር ደሴ አልገባም። ገብቷል ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ዳገቱ ላይ ትቼው ነው የሄድኩት።"

የምትጮኽ መስሎኝ ነበር፣ አልጮኸችም። ግንባሯን ቋጥራ እንደሚያሰላ ሰው ታየኝ ጀመር።

"ስምንት ነን ይል ነበር" አለች።

"ቀንሰን ነበር።"

"ያን ቀን ስንት ነበራችሁ?"

"ሁለት።"

"ከመርሳም ከሐይቅም የመጣ ሌላ ትራፊክ አልነበረም?"

"አልነበረም።"

"ሸሁ ነጭ ቆብ ነበረው ብለዋል።"

"አዎ።"

"አንዱ እርስዎ ነዎት።"

"አንዱ እኔ ነኝ።"

ያን ጊዜ ተቀመጠች፣ ማሽላው ላይ። "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አለች በቀስታ። ቀና ብላ "እስር ቤት ለእስር ቤት ስዞር ያውቁ ነበር?" አለችኝ። "አውቅ ነበር" አልኳት። ትረግመኛለች ብዬ ጠበቅኩ፣ እርግማኑን ፈልጌውም ነበር። እሷ ግን ሻሽዋን ከራሷ ፈታች።

"ይነሱልኝ እንግዲህ" አለች፣ ቆሜ ሳለሁ። "ሰው ልጥራ። ባሌ ዛሬ ነው የሞተው።"

ከግቢው ስወጣ ጩኸቷ ከኋላዬ ተነሳ። ሴቶቹ ነጠላቸውን እየጣሉ ከላይኛው ሰፈር በሩጫ ይወርዱ ጀመር። አንዷ ክንዴን ያዘችኝ።

"ማን ሞተ?"

"ይመር።"

"ይመር የከድጃ? መቼ?"

"እኔ ትቼው የሄድኩ ቀን" አልኳት።